ላክቶስ አልፈጭ ያለው አንጀት ስኳር አልመጥም አላለም

ወተት ለምን እንደማይስማማን እናስረዳለን የሚል አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው የሚነፋ፣ የሚቆርጣቸው ወይም የሚያስቀምጣቸው ሰዎች አንጀታቸው «ስኳርን የመፍጨትና የመምጠጥ አቅሙን አጥቷል»፤ ስለዚህ ከወተት ሌላ ፍራፍሬ፣ ማር፣ ስኳርና ዳቦም መቀነስ አለባቸው። ያልተፈጨው ስኳር አንጀት ውስጥ በስብሶ ግድግዳውን ያቆስላል፣ ከዚያም ወደ ደም ሰርጎ ለስኳር በሽታ ይዳርጋል። መፍትሔውም ወተቱን ደጋግሞ ማፍላት ወይም ቅባቱን መግፈፍ ነው፤ ይህ ካልሠራ ወተት የነካውን ሁሉ እስከ ወዲያኛው መተው።

ጸሐፊው ያገኘው እውነት አለ። አብዛኛው የዓለም አዋቂ ሕዝብ፣ ከመቶው 65 እስከ 70 የሚሆነው፣ ከልጅነቱ በኋላ ላክቶስን፣ ማለትም የወተትን ስኳር፣ የሚሰነጥቀው ኢንዛይም (ምግብን የሚሰባብር ፕሮቲን) ይቀንስበታል። እርጎ ከወተት ይልቅ ይስማማል የሚለውም ትክክል ነው፤ የሰጠው ምክንያት ግን አይደለም፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። የቀረው ስህተት ሁሉ የሚመነጨው ከአንድ ቦታ ነው፤ መሰንጠቅንና መምጠጥን አንድ ሥራ አድርጎ ከማየት።

«አንጀቱ ስኳርን የመፍጨትና የመምጠጥ አቅሙን አጥቷል» የሚለውን እንያዝ። ከምግብ የሚገኘው ስኳር የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ሊገባ የሚችለው ነጠላ ሲሆን ብቻ ነው። ነጠላዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ግሉኮስ፣ ጋላክቶስና ፍሩክቶስ። ላክቶስ ጥንድ ስኳር ነው፤ አንድ ግሉኮስና አንድ ጋላክቶስ ተያይዘው የተሠራ። የገበታው ስኳር ሱክሮስም ጥንድ ነው፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። ዳቦና ሩዝ ውስጥ ያለው ስታርች ደግሞ ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው፤ በምራቅና በቆሽት ውስጥ ባለው አሚሌዝ በሚባል ኢንዛይም እየተቆራረጠ ወደ አጫጭር ቁራጮች ይወርዳል።

ጥንዶቹን የሚሰነጥቁት ኢንዛይሞች በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ አይደሉም። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ጣት በሚመስሉ እጅግ ጥቃቅን እጥፎች የተሞላ ነው፤ ኢንዛይሞቹ በእነዚህ ጣቶች ሕዋሳት ጫፍ ላይ እንደ ብሩሽ ጸጉር ተተክለዋል። ሁሉም የየራሱ ድርሻ አለው። ላክቴዝ ላክቶስን ይሰነጥቃል። ሱክሬዝ አይሶማልቴዝ የሚባለው ሱክሮስንና የስታርች ቁራጮችን ያነሳል። ማልቴዝ ግሉኮአሚሌዝ ከስታርች የቀረውን ያጸዳል። ላክቴዝን የሚያሠራው ጂን ክሮሞሶም 2 ላይ፣ ሱክሬዝ አይሶማልቴዝን የሚያሠራው ክሮሞሶም 3 ላይ ነው። ከዕድሜ ጋር የመጀመሪያው ጂን ሥራውን ሲያቀዘቅዝ ሁለተኛው ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ላክቴዝ የቀነሰበት ሰው ዳቦውንና ስኳሩን እንደማንም ሰው ይፈጫል።

መምጠጡ ደግሞ የሌሎች ሠራተኞች ድርሻ ነው። ግሉኮስና ጋላክቶስ የሚገቡበት በር ኤስጂኤልቲ-1 ይባላል፤ በያንዳንዱ የስኳር ሞለኪውል ሁለት ሶዲየም አብሮ ያስገባል። ፍሩክቶስ በግሉት-5 በኩል ለብቻው ይገባል። ከሕዋሱ ወደ ደም የሚወጡት በዋናነት በግሉት-2 ነው። ላክቶስ በማይስማማው ሰው አንጀት ውስጥ እነዚህ በሮች ወለል ብለው ክፍት ናቸው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ለዚያው ሰው 50 ግራም ላክቶስ ብታጠጡት የደሙ ግሉኮስ እምብዛም ከፍ አይልም፤ በሌላ ቀን 25 ግራም ግሉኮስና 25 ግራም ጋላክቶስ በውኃ በጥብጣችሁ ብትሰጡት ግን ደሙ ውስጥ ያለው ግሉኮስ እንደ ወጉ ይወጣል። የተሰጠው ስኳር ያው ነው። ልዩነቱ ሁለተኛው ተሰንጥቆ መቅረቡ ብቻ ነው።

በሩ ራሱ የተበላሸበት ሕመም የለም ማለት አይደለም። የኤስጂኤልቲ-1 ጂን ከሁለቱም ወላጆች ተበላሽቶ የተወረሰበት ሕፃን በተወለደ በቀናት ውስጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ የእናቱ ጡት ብቻ ሳይሆን ግሉኮስ የገባበት ውኃም ያባብስበታል፤ የሚያድነው በፍሩክቶስ የተዘጋጀ ልዩ ምግብ ነው። እጅግ ብርቅ ሕመም ነው። ጸሐፊው ሳያውቀው የገለጸው ይህንን ነው እንጂ ሻይ በወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚጮኸውን ሰው አይደለም።

ከፍራፍሬና ከማር ሽሹ የሚለው ምክር የተወለደው ከዚሁ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ፍራፍሬ ውስጥ ላክቶስ የለም። ፖም ወይም ማር በልቶ በእርግጥም የሚነፋ ሰው ካለ ችግሩ በላክቴዝ አይገለጽም፤ ፍሩክቶስን ወይም ሶርቢቶልን (በፍራፍሬ የሚገኝ ሌላ ጣፋጭ ነገር) በደንብ ካለመምጠጥ፣ በትንሹ አንጀት ባክቴሪያ ከመብዛት ወይም በቀላሉ ከሚቆጣ አንጀት ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሰው «ላክቶስ ነው» ብሎ መንገር ትክክለኛውን ምርመራ ማዘግየት ነው።

ቀጣዩ፣ «ያልተፈጨው ስኳር በስብሶ አንጀትን ያቆስላል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ አንድ ኩባያ ወተትን መንገዱን ሙሉ ብንከተል ይሻላል።

250 ሚሊ ሊትር የላም ወተት 12 ግራም ያህል ላክቶስ ይዟል። ጨጓራ ላይ ላክቶሱ ምንም አይሆንም። ትንሹ አንጀት ሲደርስ፣ ላክቴዝ በብዛት የሚገኘው በመካከለኛው ክፍሉ፣ ጀጁነም በሚባለው ነው። ኢንዛይሙ በቀነሰበት አዋቂ ውስጥ የሚቀረው በሕፃንነቱ ከነበረው አንድ አሥረኛ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ ቀሪ ዜሮ እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ኩባያው ቀስ ብሎ ከደረሰለት ከላክቶሱ የተወሰነውን ይሰነጥቃል።

ያልተሰነጠቀው ላክቶስ ግድግዳውን ማለፍ አይችልም፤ ውኃ ግን በነፃነት ያልፋል። ውኃ ሁልጊዜ የሚፈሰው የሟሙ ነገሮች ወደ በዙበት በኩል ነው። 12 ግራም ላክቶስ በሞለኪውል ብዛት መለኪያ 35 ሚሊ ሞል ያህል ነው፤ ሁሉም ሳይሰነጠቅ ቢቀር ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ሚዛን ለመጠበቅ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ ይዞ ያስቀራል። ግማሽ ሊትር ወተት በባዶ ሆድ ከተጠጣ እጥፉን ማሰብ ነው። ይህ ተጨማሪ ፈሳሽ አንጀቱን ይለጥጠዋል፣ ጉዞውንም ያፋጥነዋል። ሆድ መጮህና መቁረጥ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ወተቱ ከተጠጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ የሆነውም ለዚህ ነው።

ትልቁ አንጀት ሲደርስ ሌላ ሥራ ይጀመራል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች የራሳቸው ላክቶስ ሰንጣቂ ኢንዛይም አላቸው። ላክቶሱን ሰንጥቀው ያብላሉታል፤ ከዚህ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ በአንዳንድ ሰው ደግሞ ሚቴን። መነፋቱ የዚህ ጋዝ ነው። ከጋዙ ጋር አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አጫጭር አሲዶች ይሠራሉ። እነዚህን የትልቁ አንጀት ግድግዳ ይመጣቸዋል፤ ቡቲሬትማ የግድግዳው ሕዋሳት ዋና ነዳጅ ነው። በዚህ መንገድ ካልተፈጨው ላክቶስ በግራም 2 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይተርፋል፤ በትንሹ አንጀት ቢፈጭ 4 ይሰጥ ነበር። እንግዲህ «መበስበስ» የተባለው ነገር ሲመረመር አንጀቱ ራሱን የሚመግብበት ሥራ ሆኖ ይገኛል። ተቅማጥ የሚመጣው የላክቶሱ መጠን ባክቴሪያው ከሚያብላላውና ግድግዳው ከሚመጠው በልጦ ሲገኝ ነው፤ ያን ጊዜ የተሰነጠቁት ቁርጥራጮች ቁጥራቸው ስለሚበዛ ውኃ የመሳቡን ኃይል ያብሱታል።

ቁስል ከዚህ ሂደት በየትም በኩል አይገኝም። በዕድሜ ላክቴዝ በቀነሰበት ጤነኛ ሰው የአንጀቱ ጣቶች ቁመታቸው እንደተጠበቀ ነው፣ እብጠት የለም፣ ደም አይፈስም። ዓይነ ምድር ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከወረደ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ «ወተት ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው፤ ላክቶስ እነዚህን አያመጣም።

«ወደ ደም ሰርጎ ለስኳር በሽታ ይዳርጋል» የሚለው ለብቻው ብዙ አያከራክርም። ቅድም እንዳየነው ያልተሰነጠቀ ላክቶስ ወደ ደም ስለማይገባ የደምን ስኳር አይጨምርም፤ እንዲያውም ችግሩ ያለበት ሰው ወተት ሲጠጣ የደሙ ግሉኮስ ችግሩ ከሌለበት ሰው ያነሰ ነው የሚነሣው። አንድ ጽሑፍ በአንድ አንቀጽ «አይመጠጥም» ብሎ በሚቀጥለው «ወደ ደም ይገባል» ሲል ከራሱ ጋር ቢስማማ ጥሩ ነበር።

ወተት ማፍላትና ቅባት መግፈፍ ላይ ስንመጣ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ላክቶስን ግን አይሰነጥቅም። በጣም ረጅም ጊዜ በከፍተኛ ሙቀት ሲቆይ ከላክቶሱ ጥቂቱ ላክቱሎስ ወደሚባል ስኳር ይለወጣል፤ ላክቱሎስ ደግሞ የሰው ኢንዛይም ጨርሶ የማይሰነጥቀው፣ ለሆድ ድርቀት በመድኃኒትነት የሚሰጥ ነገር ነው! ውኃው ተኖ ወተቱ ሲወፍር ደግሞ በያንዳንዱ ኩባያ ያለው ላክቶስ ይጨምራል። ቅባት መግፈፍም አያዋጣም። ላክቶስ የሚሟሟው በውኃው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ቅባቱ ሲወጣ እሱ አብሮ አይወጣም። ይልቁንም ቅባት የጨጓራን መውረድ ስለሚያዘገይ ሙሉ ቅባት ያለው ወተት ለአንዳንድ ሰው የተሻለ ይስማማዋል። ቅቤ የማያስቸግረውም ላክቶስ በውኃው ክፍል ስለሚቀር ነው፤ ላክቶሱ ከአሬራው ጋር ሄዷል።

ጽሑፉ በመሐል «ላክቶስ የሌለው ወተት ስኳር የሌለው ወተት ነው፤ የወተት አለርጂ ላለባቸውም ይሆናል» ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ ስህተት፣ ሁለተኛው አደጋ ነው። ላክቶስ የሌለው ወተት የሚዘጋጀው ወተት ላይ ላክቴዝ በመጨመር ነው፤ ኢንዛይሙ ላክቶሱን በማሰሮው ውስጥ ሰንጥቆ ግሉኮስና ጋላክቶስ ያደርገዋል። የስኳሩ ጠቅላላ መጠን ብዙውን ጊዜ ያው ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 5 ግራም የሚጠጋ። ምንም ሳይጨመርበት የሚጣፍጠው ነጠላዎቹ ከጥንዱ የበለጠ ጣፋጭ ስለሆኑ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እንደማንኛውም ወተት ሊቆጥረው ይገባል። አለርጂ ደግሞ ከስኳሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የበሽታ መከላከያው ኬዚን ወይም ቤታ ላክቶግሎቡሊን ለሚባሉት የወተት ፕሮቲኖች የሚሰጠው ምላሽ ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ላክቶስ በሌለው ወተት ውስጥ እንዳሉ አሉ። የወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ይህን ቢጠጣ ቆዳው ሊያብጥ፣ ሊያስታውከው፣ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። አለርጂ ላለበት ጠብታም ሊያሰጋ ይችላል፤ ላክቶስ ለማይስማማው ግን ነገሩ ሁሉ የመጠን ጉዳይ ነው። ከጽሑፉ አንድ ነገር ብቻ እንድናርም ቢፈቀድልን ይህን እንመርጥ ነበር።

ጋላክቶሴሚያንም እንዲሁ ደባልቆታል። በዚህ ውርስ ሕመም አንጀቱ ላክቶስን ይሰነጥቃል፣ ይመጣልም፤ የሚሰናከለው ከዚያ በኋላ ጉበት ውስጥ፣ ጋላክቶስ ወደ ግሉኮስ በሚቀየርበት መንገድ ላይ ነው። (መንገዱ የሚጠራው በሉዊስ ሌሎይር ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘው አርጀንቲናዊ ነው።) ላክቶስ የሌለው ወተት ጋላክቶሱን እንደያዘ ስለሆነ ለነዚህ ልጆች አይሆንም።

እርጎን ቃል በገባነው መሠረት እንመለስበት። «እርጎ ውስጥ ላክቶሱ አልቋል» ተብሏል፤ አላለቀም። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያው የሚጠቀመው ከላክቶሱ ብዙ ጊዜ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ነው። የቀረውን የሚሰነጥቀው ራሱ ባክቴሪያው ነው፣ ያውም በሰው አንጀት ውስጥ። በሕይወት ያለው የእርጎ ባክቴሪያ ቤታ ጋላክቶሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም በሆዱ ይዞ ይዋጣል፤ የባክቴሪያው ሽፋንና የእርጎው ውፍረት ከጨጓራ አሲድ ይጠብቁታል፤ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ሐሞት ሽፋኑን ያላላዋል፣ ኢንዛይሙም ላክቶሱን ያገኘዋል። እርጎ ወፍራም ስለሆነም ከጨጓራ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ከረጋ በኋላ እንደገና የተሞቀ እርጎ ይህን ጥቅሙን ያጣል፤ መያዣው ላይ «ከረጋ በኋላ የተሞቀ» የሚል ካለ ከወተት የሚለየው በጥቂቱ ብቻ ነው። ለወራት የቆየ ጠንካራ ቺዝ ግን ሌላ ነው፤ አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይወጣል፣ የተረፈውን ባክቴሪያው በወራቱ ውስጥ ይጨርሰዋል። ለጋው አይብ በ100 ግራም ጥቂት ግራም ይቀረዋል።

አሁን ወደ ሕፃናቱ። «ልጁ ካስቀመጠው ጡት ይቋረጥ፣ ላክቶስ ያባብስበታልና» ይላል ጽሑፉ። ይህ ምክር የሚጎዳ ምክር ነው። የእናት ጡት ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 7 ግራም ያህል ላክቶስ አለው፤ ከላም ይበልጣል። ሆኖም ሕፃናት ላክቴዛቸው ሙሉ ሆኖ ነው የሚወለዱት፤ ከተወለደ ጀምሮ ላክቴዝ የሌለው ሕፃን እጅግ ብርቅ ነው። በተቅማጥ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ሮታ ቫይረስ ወይም ጃርዲያ የአንጀቱን ጣቶች ጫፍ ይጎዳል፤ ላክቴዝ ያለው ደግሞ በበሰሉት የጫፍ ሕዋሳት ላይ ስለሆነ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው፣ ዘግይቶ የሚመለሰውም እሱ። የአንጀት ሕዋሳት ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታደሳሉ፤ ኢንዛይሙ በበቂ እስኪመለስ ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ይህ ጊዜያዊ ነው፣ ግድግዳው ሲድን ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በተቅማጥ ጊዜ ጡት ማጥባት እንዲቀጥል ነው የሚያዘው። የላም ወተትን መቀነስ ወይም በእርጎ መተካት የሚታሰበው ተቅማጡ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ በጤና ባለሙያ ምክር ነው።

ለተቅማጥ የሚሰጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ራሱ ለጽሑፉ መነሻ ሐሳብ መልስ ነው። በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስና 75 ሚሊ ሞል ሶዲየም አለው። ግሉኮሱ የተጨመረው ለጉልበት አይደለም፤ በኤስጂኤልቲ-1 በር ሲገባ ሶዲየሙን ይዞ ስለሚገባ፣ ሶዲየሙም ውኃውን ስለሚያስከትል ነው። ይህን ጥምረት ባዮኬሚስቱ ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ ባቀረበው ሐሳብ አስረድቶታል። ላክቴዙ የጠፋበት፣ አንጀቱ የቆሰለ ሕፃን እንኳ በዚህ በር ስኳር እየመጠጠ ይድናል። «መምጠጥ ጠፍቷል» የሚለው ውኃ አያነሳም።

ጽሑፉ ምርመራን በአንድ መስመር ነው ያለፈው፦ «ወተት ጠጥተህ ሆድህ ከተረበሸ ማረጋገጫው ያ ነው።» እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ወተት ክፉኛ አይስማማንም ያሉ 30 ሰዎች ለአንድ ሳምንት በየቀኑ 240 ሚሊ ሊትር መደበኛ ወተት፣ ለሌላ ሳምንት ላክቶሱ የተሰነጠቀ ወተት ከቁርስ ጋር ጠጡ፤ ጣዕሙ እንዲመሳሰል ተደርጎ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተነገራቸውም። ከመካከላቸው 21ዱ በምርመራ ላክቶስ በእርግጥም አይፈጩም ነበር። በሁለቱ ሳምንታት የተሰማቸው ምልክት ቀላልና ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የሆድ ስሜት ብቻውን ዳኛ አይሆንም።

በጤና ተቋም የሚሠራው የተለመደ ምርመራ የትንፋሽ ነው። ባክቴሪያው የሚሠራው ሃይድሮጅን ከፊሉ በደም በኩል ሳንባ ይደርስና ይተነፈሳል። ተመርማሪው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይጾማል፤ ዋዜማውን ባቄላ፣ ጥራጥሬና ብዙ አሰር ያለው ምግብ አይበላም፤ በፊት ባሉት 4 ሳምንታት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አለመውሰዱ ይጠየቃል፤ በዕለቱ አያጨስም፣ አይሮጥም። መጀመሪያ ትንፋሹ ይለካል፣ ከዚያ በውኃ የሟሟ 25 ግራም ላክቶስ ይጠጣል (50 የሚጠቀሙም አሉ)፣ ከዚያ በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው እስከ 3 ሰዓት ይለካል። ሃይድሮጅኑ ከመነሻው በ20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ) ወይም በላይ ከጨመረ ላክቶሱ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ደርሷል ማለት ነው።

ምርመራው የሚያሳስትባቸው ቦታዎች አሉት። የአንዳንድ ሰው ባክቴሪያ ሃይድሮጅን አያሳይም፤ ሚቴን የሚሠሩት ሃይድሮጅኑን ይበሉታል፤ ስለዚህ ሚቴንም አብሮ መለካት አለበት። ሃይድሮጅኑ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከዘለለ ባክቴሪያው ትንሹ አንጀት ውስጥ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል፤ አፍ ውስጥ ያለ ባክቴሪያም ያሳስታል። ከሁሉም በላይ ግን 25 ግራም ማለት ግማሽ ሊትር ወተት በባዶ ሆድ፣ ያለ ምግብ፣ በአንድ ትንፋሽ እንደመጠጣት ነው። በዚህ «ፖዘቲቭ» የወጣ ሰው ቡናው ላይ ጠብ የምታደርገውን ወተት አይችልም ማለት አይደለም።

የዘረመል ምርመራም ወጥመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተለየው ለውጥ፣ ከላክቴዝ ጂን 13910 የዲኤንኤ ፊደል ቀደም ብሎ ያለው፣ ላክቴዝን በአዋቂነት የሚያቆየው በአውሮፓውያን ዘንድ ነው። በምሥራቅ አፍሪካና በዓረብ ልሳነ ምድር ወተት ጠጪ ሕዝቦች ይህንኑ ሥራ የሚሠሩት ሌሎች ለውጦች ናቸው፦ 14010፣ 13907፣ 13915። የአውሮፓውን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ወተት እንደ ልቡ የሚጠጣን ሰው «አትችልም» ሊለው ይችላል።

የመጨረሻው ምክር «እስከ ወዲያኛው ተው» ነው። በላክቶስ የተቸገሩ አብዛኞቹ ሰዎች በአንድ ጊዜ 12 ግራምን፣ ማለትም ያን አንድ ኩባያ፣ ያለ ምልክት ወይም በቀላል ምልክት ይችላሉ፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 የደረሰበት ይህ ነው። የሚሠራው አካሄድ እንዲህ ነው። ለሁለት ሳምንት ላክቶስ ይቆማል። ምልክቱ በዚህ ጊዜ ካልቀነሰ ላክቶስ አይደለም፤ ሌላ ይፈለግ። ከቀነሰ 100 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 5 ግራም ላክቶስ ገደማ፣ ከምግብ ጋር ይጀመራል፣ ለሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ወደ 150፣ ወደ 200 ይወጣል። የቀኑ መጠን በሁለት ማዕድ ሲከፈል የተረፈው ላክቴዝ ለሁለቱም ይደርሳል። ሆድ የሚጮህበት መጠን ሲገኝ አንድ ደረጃ መመለስ ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ሌላ ነገር አክሏል፤ «ደጋግሞ የጠጣ ኢንዛይሙ ይመለስለታል» የሚል። ላክቶስ መጠጣት ላክቴዝን አያስመልስም። በሁለት ሳምንት ገደማ የሚለመደው ትልቁ አንጀት ነው፤ ላክቶስን ብዙ ጋዝ ሳያወጡ የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች ይበረክታሉ፣ የትንፋሹም ሃይድሮጅን ይወርዳል። ወተቱ ለብዙ ጊዜ ከተቋረጠ ልማዱም ይጠፋል፤ ስለዚህ ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚመለስ ሰው እንደገና ከ100 ሚሊ ሊትር ይጀምር።

ማሸጊያ ላይ የሚነበበውም ጥቂት ዕውቀት ይጠይቃል። የተገፈፈ ወተት ዱቄት ግማሽ ያህሉ ላክቶስ ነው፤ የአጓት ዱቄት ደግሞ 70 በመቶና ከዚያ በላይ። ብስኩት ወይም ሾርባ ውስጥ የሚደበቁት እነዚህ ናቸው። ላክቲክ አሲድና ላክቴት ግን ስማቸው ብቻ ነው የሚመሳሰለው፤ ላክቶስ አይደሉም። ክኒን ውስጥ የሚገባው ላክቶስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ግራም በታች ስለሆነ መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

የላክቴዝ ክኒን «ሰውነትን ሰነፍ ያደርጋል» መባሉም መሠረት የለውም፤ ኢንዛይሙ ፕሮቲን ነው፣ አንጀት ውስጥ ሠርቶ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል፣ ጂኑን የሚያገኝበት መንገድ የለም። የማይሠራላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በሰዓቱ ነው፦ ሆዱ ከተረበሸ በኋላ ይወስዱታል። መወሰድ ያለበት ከመጀመሪያው ጉርሻ ወይም ፉት ጋር ነው፤ በአውሮፓው መመዘኛ ለያንዳንዱ ላክቶስ ላለው ማዕድ ቢያንስ 4500 ኤፍሲሲ ዩኒት (የኢንዛይም ኃይል መለኪያ)። ወተት ላይ የሚንጠባጠበው ዓይነት ደግሞ ወተቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጨመርና ማቀዝቀዣ ውስጥ 24 ሰዓት ይቆያል። የፈላ ወተት ላይ ከተንጠባጠበ ኢንዛይሙ ይበስላል፣ ላክቶሱ እንዳለ ይቀራል።